ክዳኑ ላይ ሳይሆን ብልቃጡ ላይ

ባለፈው እሑድ ጎረቤቴ ቡና አፍልታ ጠራችኝ። ማራኪ አካባቢ በር ለበር ስንኖር ሃያ ዓመት ሊሞላን ነው። ልጆቿ ሲታመሙ መጀመሪያ የሚያንኳኩት የእኔን በር ነው። በሕክምና ላቦራቶሪ ሙያ የተመረቀችው ትልቋ ልጇ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በአንድ የካንሰር ጥናት «የምርምር ረዳት» ሆና መቀጠሯን ሰምቼ ስለነበር ለደስታ የተጠራሁ መስሎኝ ነበር። የእናትየዋን ፊት ሳየው ግን ለቅሶ ቤት የገባሁ መሰለኝ።

«ሲስተር፣ ይህን ያህል ዓመት ያስተማርኳት ሥጋ በብልቃጥ እንድታመላልስ ነው?» አለችኝ ቡናውን እየቀዳች። «ደግሞስ ያ በሽታ ቢይዛት? አባቷማ ‹ረዳት ማለት የታክሲ ረዳት ነው ወይ?› እያለ ይቀልዳል። እኔን ግን አላሳቀኝም።»

ልጅቷ ረከቦቱ አጠገብ አንገቷን ደፍታ ተቀምጣለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን «አይዞሽ፣ ሥራ ሥራ ነው» ብዬ አልፈው ነበር። ያን ቀን ግን ሠላሳ ዓመት በላይ በሆዴ ይዤው የኖርኩትን አንድ ነገር አወጣሁላቸው። ቤቴ ተመልሼ ሳስበው እንደ ጎረቤቴ የሚጨነቁ ወላጆች ብዙ እንደሚሆኑ ታየኝ። የዚህ ገጽ አንባቢዎችም ብትሰሙት ይጠቅማል ብዬ ብዕር አነሣሁ።

ሁለት ብልቃጦች

ነገሩ የሆነው በ1980ዎቹ መጀመሪያ ነው። በነርስነት በዲፕሎማ ተመርቄ ጥቂት ዓመት የሠራሁ ወጣት ነበርኩ። የትኛው ጤና ተቋም እንደነበር መጥቀስ አያስፈልግም፤ ጥፋቱ የእኔው ነበርና።

በአንድ ቀን ጠዋት ሐኪሙ ከሁለት ሴቶች ጡት ላይ ለምርመራ ቁራጭ ወሰደ። አንዷ የከተማ ነጋዴ ነበረች። ሁለተኛዋ ከደባርቅ ማዶ፣ ከደጋው አገር፣ ወንድሟ በበቅሎ እያገዛት ሁለት ቀን ተጉዛ የመጣች ናት። ቁራጮቹን ፎርማሊን ወዳለባቸው ሁለት ብልቃጦች ከተትኩና ስማቸውን በፕላስተር ላይ ጽፌ ክዳኖቹ ላይ ለጠፍኩ። ቸኩዬ ነበር፤ ክዳኑ ደግሞ ጠፍጣፋ ስለሆነ ለመለጠፍ ይመቻል።

የደጋዋ ሴት ከመሄዷ በፊት እጄን ያዘችና «እኅቴ፣ ደህና ነው ብዬ ልሂድ?» አለችኝ። «ሂጂ፣ ውጤቱ ሲመጣ እንልክብሻለን» አልኳት።

ብልቃጦቹ ምርመራው ዘንድ ሲደርሱ አንደኛው ፎርማሊኑ ጎድሎ ኖሮ ለመሙላት ሁለቱም ክዳኖች በአንድ ጊዜ ተከፈቱ። ከዚያ በኋላ የትኛው ክዳን የየትኛው ብልቃጥ እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም። ሁለቱም የጡት ቁራጭ ናቸው፤ በዓይን አይለዩም። ፓቶሎጂስቱ በማይክሮስኮፕ አይቶ አንደኛው ካንሰር፣ ሌላኛው ደህና መሆኑን ጻፈ። የማን የማን እንደሆነ ግን አልገመተም። ልክ ነበር፤ በሰው ሕይወት ላይ አይገመትም። ሁለቱም ሴቶች ተመልሰው እንደገና ቁራጭ ይወሰድ የሚል ደብዳቤ ከሳምንታት በኋላ ደረሰን።

የከተማዋ ሴት በማግሥቱ መጣች። ውጤቷ ደህና ሆነ። እሷ «እግዚአብሔር ይመስገን» ስትል እኔ ግድግዳውን ይዤ ቆምኩ። የእሷ ደህና ከሆነ ካንሰሩ የማን እንደሆነ ግልጽ ነበር።

ስልክ የለም። መዝገቡ ላይ ከስሟና ከቀበሌዋ ሌላ የተጻፈ ነገር አልነበረም። በገበያ ቀን ወደዚያ የሚወጡ ነጋዴዎች ፈልገን መልእክት ላክን፤ ደገምን፤ ሠለስን። መልስ አልመጣም። እንዴት እንደሆነች እስከ ዛሬ አላውቅም።

ይህን ስጨርስ ጎረቤቴ ሲኒውን አስቀመጠች። ልጅቷ ግን ቀና ብላ «እኛን ያስተማሩን መጀመሪያ ይህንኑ ነው፤ ክዳኑ ላይ ሳይሆን ብልቃጡ ላይ ጻፉ» አለች።

ረዳት ምን ይሠራል?

የጎንደር የሕክምና ትምህርት ቤት ሥራ የጀመረው በ1947 ዓ.ም. የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ጤና ነርሶችንና የሳኒቴሽን ባለሙያዎችን በማሠልጠን ነው። ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ አካል ነው። የዳባት ሰዎች ደግሞ የምርምር ሠራተኛ ምን እንደሚመስል ከማንም በላይ ያውቃሉ። እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በዩኒቨርሲቲው የጥናት ጣቢያ በኩል በየቤቱ እየዞሩ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን አገር ለቀቀ እያሉ የሚመዘግቡ ሰዎች ደጃቸውን ሲያንኳኩ ኖረዋል። የካንሰር ላቦራቶሪ ረዳትም የእነዚህ ዘመድ ናት። ልዩነቱ እሷ የምትመዘግበው ከሰው አካል የተወሰደ ናሙና መሆኑ ነው።

እኔም ጡረታ ከወጣሁ በኋላ በአንድ የማኅጸን በር ካንሰር ጥናት ለጥቂት ወራት ረዳት ሆኜ ሠርቼ ስለነበር ሥራውን በዓይኔ አይቼዋለሁ። መጀመሪያ ታካሚዋን ቁጭ አድርገው ጥናቱ ስለ ምን እንደሆነ በሚገባት ቋንቋ ያስረዷታል። ማንበብ ለማትችል ሴት ቅጹ ከጥናቱ ጋር ግንኙነት የሌለው ምስክር ባለበት ይነበብላትና ከተስማማች በጣቷ ትፈርማለች። ከዚያ ለናሙናው መለያ ቁጥር ይሰጠዋል። ስሟ ያለበት መዝገብ ለብቻው ተቆልፎ ይቀመጣል፤ ብልቃጡ ላይ የሚታየው ቁጥሩ ነው።

ለማይክሮስኮፕ የሚሄደው ቁራጭ እንዳይበሰብስ ፎርማሊን ውስጥ ይገባል። ፈሳሹ ከቁራጩ አሥር እጥፍ ያህል መሆን አለበት። ከዚያ ውኃው በአልኮል ይወጣና በቀለጠ ፓራፊን ሰም ውስጥ ይቀበራል። ሰሙ ሲረጋ ማይክሮቶም በሚባል ስለታም መሣሪያ ከ3 እስከ 5 ማይክሮሜትር ውፍረት ይቆረጣል። ይህ ከአንድ የራስ ጠጉር በብዙ እጥፍ የሳሳ ነው። ስስዋ ቁራጭ መስታወት ላይ ተዘርግታ ሐምራዊና ሮዝ ቀለም ትነከርና ፓቶሎጂስቱ ያያታል። የሰሙ ቁራጭ ደግሞ ለዓመታት ሊቀመጥ ይችላል።

ለሌላ ዓይነት ምርመራ የሚፈለግ ናሙና ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ በሚያቀዘቅዝ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጣል። ረዳቷ ጠዋትና ማታ ሙቀቱን አይታ ትጽፋለች። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ መነሣቱን የምታረጋግጠውም እሷ ናት። በየእርምጃው ቁጥሩ ከብልቃጥ ወደ ሰም፣ ከሰም ወደ መስታወት፣ ከመስታወት ወደ መዝገብ ይሻገራል። አንድ ቦታ ላይ ከተሳሳተ ትልቁ ፕሮፌሰርም ሆነ ውዱ መሣሪያ ሊያድነው አይችልም። ለጎረቤቴ ያልኳት ይህንን ነው። «ልጅሽ ሥጋ አታመላልስም። ሰውየዋና ቁራጯ እንዳይጠፋፉ ትጠብቃለች።»

ይይዛታል ወይ?

ካንሰር በመንካት፣ በመተንፈስ ወይም አብሮ በመብላት ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። የካንሰር ሕመምተኛን ዕቃ የሚለዩ ቤተሰቦች አይቻለሁ። ሕመምተኛውን ያለ ጥቅም ያሳዝኑታል።

የሚተላለፈው ለአንዳንድ ካንሰሮች መነሻ የሚሆን ቫይረስ ነው። የማኅጸን በር ካንሰር መነሻ የሆነው ሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ይተላለፋል። የጉበት ካንሰር ሊያመጣ የሚችለው የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ በደምና በሰውነት ፈሳሽ ይተላለፋል፤ ለዚህ ግን ክትባት አለው። ስለዚህ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ጓንትና ጋውን ታደርጋለች፤ ክትባቱን ትወስዳለች። በየቀኑ የሚያስቸግራት ይልቁንም ፎርማሊኑ ነው፤ ዓይንና ጉሮሮ ያቃጥላል፤ ክፍሉም አየር ማግኘት አለበት። እናት ልጇን መጠየቅ ያለባት «ጓንት አለ ወይ? ክትባቱን ወሰድሽ ወይ? መስኮቱ ይከፈታል ወይ?» ብላ ነው።

ምልክቷ የቀረ፣ ስሟ የጠፋ

በአሜሪካ ባልቲሞር ከተማ በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1951 ሄንሪታ ላክስ የምትባል የአምስት ልጆች እናት በማኅጸን በር ካንሰር ታክማ ነበር። ሐኪሙ ከዕጢው ቁራጭ ወሰደ፤ ለምርምር ይሁን ብሎ ግን አልጠየቃትም። ቁራጩ ጆርጅ ጋይ ወደሚባል ተመራማሪ ላቦራቶሪ ሄደ። እዚያ ሜሪ ኩቢቼክ የምትባል ወጣት ረዳት ተቀብላ በትንንሹ ከፋፍላ በቱቦዎች ውስጥ አኖረችው። በየቱቦው ላይም የሴትየዋን ስምና የቤተሰብ ስም መጀመሪያ ፊደላት ገጥማ «ሄላ» ብላ ጻፈች።

ከዚያ በፊት ከሰው የተወሰዱ ሴሎች በላቦራቶሪ ብዙ ሳይቆዩ ይሞቱ ነበር። ሄላ ግን መባዛቷን አላቆመችም። በዓለም ዙሪያ ተሰራጨች፤ የፖሊዮ ክትባት ሲፈተሽ አገለገለች። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው ሃራልድ ሱር ሃውዘንና ባልደረቦቹ የማኅጸን በር ካንሰር ከፓፒሎማ ቫይረስ እንደሚመጣ ሲያሳዩ፣ ቫይረሱን ካገኙባቸው ሴሎች መካከል የሄላ ሴሎች ነበሩ። ሱር ሃውዘን በ2008 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ዛሬ ለሴት ልጆቻችን የሚሰጠው ክትባት የዚያ ግኝት ፍሬ ነው።

ሄንሪታ ግን በዚያው በ1951 ሞታ ነበር። ስሟም በስህተት «ሄለን ሌን» እየተባለ ሲነገር ቆየ። ልጆቿ የእናታቸው ሴሎች በሕይወት መኖራቸውን የሰሙት ከ20 ዓመት በላይ አልፎ ነው። ቤተሰቡ ሴሎቹን ሲሸጥ ከነበረ አንድ ኩባንያ ጋር በስምምነት የጨረሰው በ2023 ነው።

ረዳቷ ሥራዋን በትክክል ሠርታለች፤ ብልቃጡ ላይ ጽፋለች። የጎደለው ሴትየዋን ቁጭ አድርጎ የሚያስረዳና ፈቃዷን የሚጠይቅ ሰው ነበር። እኔ ክዳን ላይ ጽፌ ሰውን አጠፋሁ፤ እዚያ ደግሞ ብልቃጡ ሳይጠፋ ሰውየዋ ጠፋች። ዛሬ ማንኛውም የዩኒቨርሲቲ ጥናት ከመጀመሩ በፊት በሥነ ምግባር ኮሚቴ የሚታየውና ረዳቷ ያን ረጅም ቅጽ የምታነብላችሁ ለዚህ ነው። አበው «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይላሉ። ወረቀቱ የያዘው የእናንተን ፈቃድ ነው፤ አትሰልቹት።

የእኛው ቁጥቋጦ

የካንሰር ምርምር የፈረንጅ አገር ነገር ብቻ የሚመስላቸው ካሉ አንድ ነገር ልንገራቸው። አጣጥ የምንለውን እሾሃማ ቁጥቋጦ የማያውቅ የደጋ ሰው የለም። ከዚሁ የአጣጥ ወገን ከሆነ፣ ከኢትዮጵያ ከተሰበሰበ ተክል ውስጥ በአሜሪካ ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ የሞሪስ ኩፕቻን ቡድን ማይታንሲን የሚባል ንጥረ ነገር አወጣ። ይህን ያሳወቁት እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። ንጥረ ነገሩ የካንሰር ሴል እንዳይከፈል ያደርጋል። ለሰው ሲሰጥ ግን መርዛማነቱ አስቸገረና ለዓመታት ተተወ።

በኋላ ተመራማሪዎች በጥቂቱ ለውጠው የካንሰሩን ሴል ፈልጎ ከሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ጋር አጣበቁት። ይህ ካድሳይላ የሚባል መድኃኒት በ2013 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። ኸር-ቱ የሚባል ፕሮቲን የበዛበትን የጡት ካንሰር ለማከም ያገለግላል። ከቅጠል እስከ መድኃኒት አርባ ዓመት ፈጀ። በዚያ ሁሉ ጊዜ «ይህ ከየት መጣ? መቼ ተሰበሰበ? የትኛው ብልቃጥ ነው?» ለሚለው መልስ ሲጽፉ የኖሩት ስማቸው የማይነገር ረዳቶች ናቸው።

አያቶች ሆይ፣ ይህን አንብባችሁ አጣጥ ቀቅላችሁ እንዳትጠጡ፣ ለታመመም እንዳትሰጡ አደራ። መድኃኒቱ አርባ ዓመት የፈጀው መርዙን ለመግራት ነው።

«ብረት ከነካው ይብሳል»

በሥራ ዘመኔ ከዳባት፣ ከደባርቅ፣ ከጃናሞራና ከበየዳ የመጡ ብዙ ቤተሰቦች «ቁራጭ አታውጡበት፣ ብረት ከነካው ይሰራጫል» ሲሉኝ ኖረዋል። ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ሰው እብጠቱን ዓመት ደብቆ፣ ጸበሉንም ቅጠሉንም ሞክሮ፣ ሲቆስል ይመጣል። ቁራጭ ይወሰዳል። በሽታው ቀድሞውኑ ስለገሰገሰ ከወራት በኋላ ይሞታል። መንደሩ የሚያስታውሰው ያለፈውን ዓመት ሳይሆን የመጨረሻዋን ምላጭ ነው።

እውነቱ ግን ቁራጭ ሳይወሰድ እብጠቱ ምን እንደሆነ በእርግጠኝነት ማወቅ አይቻልም። ከጡት እብጠቶች አብዛኞቹ ካንሰር አይደሉም፤ ካንሰሩም በጊዜ ሲገኝ ይታከማል። ጸበሉን ለሚወዱ የምለው አንድ ነው፦ ጸበላችሁን ጠጡ፣ ቁራጩንም ስጡ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።

ከቤተሰብ የሚጠበቅ

ከእናንተ ወይም ከወላጃችሁ አካል ናሙና ሲወሰድ እነዚህን ጠይቁ። ይህ ለሕክምናዬ ነው ወይስ ለጥናት? ለጥናት ከሆነ እምቢ ማለት ይቻላል፤ ከተስማሙ በኋላም መተው ይቻላል፤ በዚህ የተነሣ የሚቀር ሕክምና የለም። ስሜና ቁጥሬ የተጻፈው የት ላይ ነው? ብልቃጡን አሳዩኝ ማለት ነውር አይደለም። ውጤቱ መቼ ይደርሳል? ማንስ ይነግረኛል?

ስልክ ስትሰጡ የሁለት ሰው ስጡ፤ አንዱ የከተማ ዘመድ ይሁን። መንገድ ሲዘጋ ወይም ኔትወርክ ሲጠፋ መልእክቱ የሚደርስበት ሌላ በር ይኖራል። የናሙናውን ቁጥር ጽፋችሁ የክትባት ካርድ በምታኖሩበት አኑሩ። የውጤቱን ወረቀት እናት አታነብም ብላችሁ አትጣሉ፤ የሚቀጥለው ሐኪም ይፈልገዋል።

በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ በብዛት የሚታዩት የጡትና የማኅጸን በር ካንሰር ናቸው። የማኅጸን በር ቅድመ ካንሰር ምርመራ በብሔራዊ መመሪያችን ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች ይመከራል። ደቂቃዎች የሚፈጅ፣ ኮምጣጤ መሰል ፈሳሽ በጥጥ ተቀብቶ የሚታይ ምርመራ ነው። የፓፒሎማ ቫይረስ ክትባት ደግሞ በሀገራችን በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ጀምሯል። ለሴት ልጃችሁ ወይም ለልጅ ልጃችሁ በትምህርት ቤቷ ወይም በጤና ጣቢያችሁ ጠይቁ። «ያመክናል» የሚለው ወሬ እውነት አይደለም።

ሰኞ ጠዋት

ልጅቷ ሰኞ ሥራ ጀመረች። እናቷ ምሳ ቋጥራ በሩ ድረስ ሸኘቻት። ማታ ስትመለስ እኔ ዘንድ ጎራ ብላ «እትዬ፣ ዛሬ ከበየዳ የመጡ እናት ነበሩ። ቅጹን አነበብኩላቸው፤ ስልክ የላቸውም፤ የወንድማቸውን ልጅና የቄሱን ስልክ ጻፍኩ» አለችኝ። ምንም አልመለስኩላትም። ግንባሯን ስሜ ሸኘኋት።

አንባቢዎቼ፣ አንድ ልመና አለኝ። በቤታችሁ ወይም በዘመዳችሁ ቤት «ውጤቱ ሲመጣ እንጠራችኋለን» ተብሎ ሳይጠራ የቀረ ሰው ካለ፣ ጥሪውን አትጠብቁ። በዚህ ሳምንት ሂዱና ጠይቁ። ምናልባት አንዲት እንደ እኔ ያለች ሴት ላኪ አጥታ ብልቃጡን እያየች ትጠብቃችሁ ይሆናል።